አበባን ያካፈለው ሊቅ፤ የካሮሉስ ክሉሲዩስ የሕይወት ታሪክ

ታሪክ አብዝቶ የሚያነሣው አገር ያስገበሩትን ነገሥታትና በጦር ሜዳ ድል ያደረጉትን የጦር አለቆች ነው። ነገር ግን ደም ሳያፈስሱና ሰው ሳያስለቅሱ በሰው ልጅ ኑሮ ላይ ደስታን ጨምረው ያለፉ ሰዎችም አሉ። ከእነዚህ አንዱ በዐሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት በአውሮፓ የነበረው የዕፀዋት ሊቅ ካሮሉስ ክሉሲዩስ ነው። ዛሬ ብርዱ አልፎ ጸደይ ሲገባ በአውሮፓ ቤቶች ደጃፍና በከተሞች መናፈሻ የሚፈኩት ቱሊፕ፣ ሂያሲንት፣ ናርሲስና አይሪስ፣ እንዲሁም አንዳንዶቹ የጥላ ዛፎችና ቁጥቋጦዎች እንዲህ ሊበዙ የቻሉት በብዙ ሰዎች ድካም ነው። ከእነዚያ ሰዎች መካከል ግን የክሉሲዩስን ያህል የደከመ ጥቂት ነው።

ይህ ሰው በዕድሜው ሙሉ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ገጥሞታል። ብርቅ ነገር በእጁ የገባ ሰው ቆልፎ ሊያኖረው ይገባል ወይስ ለሌላው ሊያካፍለው? ክሉሲዩስ መልሱን በሥራው ስለ ሰጠ፣ የሕይወቱ ታሪክ ለተማሪም ለወላጅም የሚጠቅም ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ስለ አበቦቹ ጠባይ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በእኛ አገር ሜዳውና ተራራው አበባ የሚለብሰው ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ፣ አደይ አበባ ሲፈነዳ ነው። በአውሮፓ ግን ምድር የሚታሰረው በብርድና በበረዶ ነው፤ የአበባው ጊዜም ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ወራት ይሆናል። በዚያ ወራት አስቀድመው ከሚወጡት አበቦች ብዙዎቹ ከመሬት በታች እንደ ሽንኩርት ያለ ራስ አላቸው። ቱሊፕም ከእነዚህ አንዱ ነው። ይህ ራስ እንደ ሽንኩርት በድርብርብ የወፈረ ሲሆን ድርብርቡ የምግብ ጎተራ ነው። በመካከሉም ለሚመጣው ዓመት የሚሆነው ቅጠልና አበባ በበጋው ወራት እጅግ አንሶ ተሠርቶ ይቀመጣል። ነገር ግን ለሦስት ወር ያህል ብርድ ካላገኘው በቀር አገዳው በደንብ ሊረዝም አይችልም። ለዚህም ምክንያቱ የቱሊፕ የጥንት አገሩ ክረምቱ በረዶ፣ በጋው ደረቅ የሆነው የመካከለኛው እስያ ተራራ መሆኑ ነው። እንግዲህ ይህን የተራራ አበባ ከሩቅ ምሥራቅ አምጥቶ በአውሮፓ ለማላመድ ትዕግሥትም ዕውቀትም ያስፈልግ ነበር።

ክሉሲዩስ የተወለደው በ1526 ዓ.ም. በወርኀ የካቲት አራስ በምትባል ከተማ ነው። ይህች ከተማ ዛሬ በሰሜን ፈረንሳይ ትገኛለች፤ በዚያ ዘመን ግን ለስፔን ነገሥታት ዘር ትገዛ ነበር። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሻርል ደ ሌክሉዝ ሲሆን፣ የዚያ ዘመን ሊቃውንት ስማቸውን ወደ ላቲን መመለስ ልማዳቸው ስለ ነበረ እርሱም ካሮሉስ ክሉሲዩስ ተባለ። አባቱ በአገሩ ፍርድ ቤት በአማካሪነት የሚሠራ የተከበረ ሰው ስለ ነበረ ልጁም ሕግ ተምሮ በእርሱ መንገድ እንዲሄድ ፈለገ። ልጁም የአባቱን ቃል አክብሮ በሉቫን ዩኒቨርሲቲ ሕግን ተማረ። ከዚያም ወደ ጀርመን አገር ተሻግሮ በማርቡርግና በቪተንቤርግ ትምህርቱን ቀጠለ። ልቡ ግን ከሕግ መጽሐፍ ይልቅ በየመንገዱ ዳር ወደሚያየው ቅጠልና አበባ ያዘነብል ነበር።

በ1551 ዓ.ም. ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ወርዶ በሞንፔልዬ ከተማ የሕክምና ትምህርት ጀመረ። በዚያ ዘመን ሐኪም መድኃኒቱን የሚያገኘው ከዕፀዋት ስለ ነበረ፣ ሕክምና መማር ማለት ቅጠልና ሥር ለይቶ ማወቅ ማለት ነበር። መምህሩ ጊዮም ሮንድሌ በቤቱ አኖረው፤ ክሉሲዩስም ሮንድሌ ስለ ዓሦች የጻፈውን ታላቅ መጽሐፍ በላቲን በማዘጋጀት ረዳው። ከመምህሩ ጋር ወደ ሜዳ እየወጣ ዕፀዋትን በዐይን አይቶ፣ በእጅ ዳስሶ፣ ከመጽሐፉ ጋር አስተያይቶ መማርን ለመደ። ከዚህ በኋላ ሐኪም ሆኖ ሳይሠራ፣ ጠበቃም ሆኖ ሳይቆም፣ ዕድሜውን በሙሉ ለዕፀዋት ሰጠ። ሚስት አላገባም፤ ሀብትም አላከማቸም። የቤተ ሰቡ ኑሮም በዚያ ዘመን በነበረው የሃይማኖት ጠብ ተናጋ፤ ከዘመዶቹ አንዱ ስለ እምነቱ በእሳት ሲቀጣ የአባቱም ንብረት ተወረሰ። ስለዚህ ክሉሲዩስ የሚተማመንበት ርስት አልነበረውም፤ ያለው ዕውቀቱና ወዳጆቹ ብቻ ነበሩ።

በ1564 ዓ.ም. ፉገር የተባሉት የጀርመን ባለጸጎች ልጃቸውን ይዞ ወደ ስፔንና ወደ ፖርቱጋል እንዲሄድ ጠየቁት። እርሱም የተላከበትን ሥራ እየፈጸመ፣ በመንገዱ ሁሉ ከበቅሎና ከፈረስ እየወረደ ዕፀዋትን ይሰበስብና ይጽፍ ነበር። በዚሁ ጉዞ ከፈረሱ ጋር ወድቆ ክንዱ ተሰበረ፤ ሥራውን ግን አላቋረጠም። ከዚያ በፊት በመጽሐፍ ያልተጻፉ ሁለት መቶ ያህል ዕፀዋት አግኝቶ ተመለሰ፤ ስለ እነርሱ የጻፈው መጽሐፍም በ1576 ዓ.ም. በአንትወርፕ ታተመ። ከእነዚህ መካከል በጸደይ የሚያብቡት የናርሲስና የአይሪስ ዓይነቶች ይገኙባቸዋል። ክሉሲዩስ ከእርሱ በፊት እንደ ነበሩት መጻሕፍት ቅጠሉ ለምን በሽታ እንደሚሆን ብቻ አልጻፈም። አበባው ምን ያህል ቅጠል እንዳለው፣ ቀለሙ እንዴት እንደሚለወጥ፣ በየትኛው ወር እንደሚፈካና በምን ዓይነት መሬት እንደሚበቅል አንድ በአንድ ጻፈ። አበባ መድኃኒት ባይሆንም እንኳ ስለ ውበቱ ሊጠና እንደሚገባው ካሳዩት የመጀመሪያዎቹ ሊቃውንት አንዱ እርሱ ነው።

የቱሊፕ ታሪክ ከክሉሲዩስ ታሪክ ጋር የሚገናኘው ከዚህ ወዲያ ነው። ቱሊፕን ከሁሉ አስቀድመው በአታክልት ሥፍራ ያከበሩት ፋርሶችና ቱርኮች ናቸው። በሱልጣን ሱለይማን ዘመን የቁስጥንጥንያ አታክልቶች በዚህ አበባ ያጌጡ ነበሩ፤ ስሙንም ላሌ ይሉት ነበር። አውሮፓውያን ቱሊፕ ያሉት ቅርጹ ቱርኮች በራሳቸው ላይ ከሚጠመጥሙት ጥምጥም ጋር ስለ ተመሳሰለባቸው ነው። በ1562 ዓ.ም. ከቁስጥንጥንያ ወደ አንትወርፕ በመጣ የጨርቅ ጭነት ውስጥ የቱሊፕ ራሶች ተገኙ። ዕቃው የመጣለት ነጋዴ ነገሩን ስላላወቀ ሽንኩርት መሰለውና ከፊሉን በፍም አስጠብሶ በዘይትና በኮምጣጤ በላው። የቀረውንም በጓሮው በጎመኑ መካከል ቀበረው፤ ከዚያም ችላ ስላለው አብዛኛው ጠፋ። ሜኼለን በምትባል ከተማ የሚኖር ዮሪስ ራይ የተባለ አበባ ወዳድ ነጋዴ ግን ጥቂቶቹን ወስዶ ተንከባክቦ አሳደጋቸው፤ አበባም አወጡ። ይህን ታሪክ ለትውልድ ያቆየው በመጽሐፉ የጻፈው ክሉሲዩስ ነው። ያው አንድ ራስ ለማያውቀው ሰው የአንድ ቀን ወጥ ማጣፈጫ ሲሆን፣ ለሚያውቀው ሰው ግን የአታክልት ጌጥ መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

በ1573 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ማክሲሚልያን ሁለተኛ ክሉሲዩስን ወደ ቪየና አስጠርቶ የአታክልቱ ሹም አደረገው። ቪየና ለዚህ ሥራ የተመቸች ከተማ ነበረች። የንጉሠ ነገሥቱ አምባሳደሮች ወደ ቁስጥንጥንያ እየተመላለሱ ዘርና የአበባ ራስ ይልኩ ነበር። ከእነዚህም አምባሳደሮች አንዱ ኦጊዬ ቡስቤክ ሲሆን፣ ለክሉሲዩስ ብዙ የቱሊፕ ዘርና ራስ ሰጠው። ዘሩ ቆይቶ ያረጀ ስለ ነበረ ይበቅላል ተብሎ አልታሰበም፤ ክሉሲዩስ ግን ዘራውና በቀለ። ከዘር የተነሣ ቱሊፕ አበባ እስኪያሳይ ድረስ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ያስጠብቃል። ከራስ የሚወለደው ራስ አበባው እንደ እናቱ ሲሆን፣ ከዘር የሚወጣው ግን እያንዳንዱ ልዩ ልዩ ቀለም ይዞ ይመጣል። ስለዚህ በትዕግሥት የጠበቀ ሰው ከዚያ በፊት ያልታየ አበባ በገዛ አታክልቱ ሊያይ ይችላል። ክሉሲዩስም ይህን ትዕግሥት የታደለ ሰው ነበር።

በ1576 ዓ.ም. ደግሞ ዳቪድ ኡንግናድ የተባለው አምባሳደር ከቁስጥንጥንያ ብዙ ብርቅ ዛፎችና ቁጥቋጦዎች ላከለት። መንገዱ ረዥም፣ ወራቱም ክረምት ስለ ነበረ፣ ከተላኩት አብዛኞቹ በመንገድ ላይ በብርድ ደርቀው ቀሩ። ከተረፉት ሁለቱ ታላቅ ዋጋ ያላቸው ሆኑ። አንደኛው በፈረንሳይኛ ማሮኒዬ የሚባለው ትልቅ የጥላ ዛፍ ነው፤ በጸደይ ወራት በመቅረዝ ላይ እንደ ቆመ ሻማ ቀጥ ያለ ነጭ የአበባ ዘለላ ያወጣል። ሁለተኛው ቼሪ ሎረል የሚባለው፣ ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ የማይረግፍና በጸደይ ነጭ አበባ የሚያወጣ ቁጥቋጦ ነው። ይህ ቁጥቋጦ ቪየና ሲደርስ ሊሞት ተቃርቦ ነበር። ክሉሲዩስ ግን ተስፋ ሳይቆርጥ በጥንቃቄ ስላስታመመው እንደገና አቆጠቆጠ። ቁጥቋጦውም በበረታ ጊዜ ክሉሲዩስ ለብቻው አላስቀረውም፤ ቅርንጫፉን ለወዳጆቹ እየሰጠ እንዲተክሉት አደረገ። ዛሬ በአውሮፓ ከተሞች በየጎዳናውና በየአጥሩ የሚታዩት ማሮኒዬና ቼሪ ሎረል ታሪካቸው ከዚህ ጭነት ጋር የተያያዘ ነው።

ክሉሲዩስ በቪየና ሳለ ከምሥራቅ የሚመጣውን ብቻ ሲጠባበቅ አልተቀመጠም። የኦስትሪያንና የሃንጋሪን ተራሮች በእግሩ እየወጣ በበረዶው ዳርቻ የሚበቅሉትን አበቦች መረመረ። ሥርና ቅጠል እየቆፈሩ ወደ ገበያ የሚያመጡትን የባላገር ሴቶች ይጠይቅ ነበር፤ ከእነርሱ መማርንም እንደ ነውር አልቈጠረም። ስለ እነዚህም ተራሮች ዕፀዋት የጻፈውን መጽሐፍ በ1583 ዓ.ም. አሳተመ።

ይሁን እንጂ ደስታው ረዥም ጊዜ አልቆየም። በ1576 ዓ.ም. በጥቅምት ንጉሠ ነገሥት ማክሲሚልያን ሞተ። በእርሱ ፋንታ የነገሠው ልጁ ሩዶልፍ ክሉሲዩስን ከሹመቱ አሰናበተው፤ የደመወዙም ነገር ብዙ አስቸገረው። አንድ ሰው ሹመቱን ቢያጣ ቂም ይዞ ያገኘውን ሁሉ ሸክፎ መሄድ የተለመደ ነው። ክሉሲዩስ ግን እስከ 1588 ዓ.ም. ድረስ በቪየና ተቀምጦ በራሱ አነስተኛ አታክልት ሥራውን ቀጠለ። ገንዘብ ባይኖረውም ወዳጆች ነበሩት። ከስፔን እስከ ሃንጋሪ፣ ከኢጣልያ እስከ እንግሊዝ ድረስ ከሊቃውንት፣ ከመሳፍንት፣ ከሐኪሞች፣ ከመድኃኒት ቀማሚዎችና አታክልት ከሚወዱ ሴት ወይዛዝርት ጋር ይጻጻፍ ነበር። ከደብዳቤዎቹ ከአንድ ሺሕ የሚበልጡት ዛሬ በሌይደን ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተጠብቀው ይገኛሉ። በብዙዎቹ ውስጥ የሚነገረው ነገር አንድ ነው፤ ይህን ያህል ዘር ላክሁ፣ ያን ያህል ራስ ተቀበልሁ፣ የላክኸው አበባ አወጣ ወይም ደረቀ የሚል ነው። እርሱ ይልክ የነበረው ለሽያጭ አልነበረም፤ ወዳጅ ለወዳጅ የሚያደርገው ስጦታ ነበር።

ይህ ልማዱ ከደግነት በላይ ታላቅ ጥበብ እንደ ነበረበት ማስተዋል ይገባል። በአንድ አታክልት ብቻ ያለ ተክል አንድ ኀይለኛ ውርጭ፣ አንድ የአይጥ መንጋ ወይም አንድ ጦርነት ሊያጠፋው ይችላል። በዐሥር አታክልት የተተከለ ግን በአንዱ ቢጠፋ በሌላው ይገኛል። ክሉሲዩስ ደግሞ በጦርነት ዘመን የኖረና አታክልቱን እየተወ ካገር አገር የተንከራተተ ሰው ስለ ነበረ ይህን ከመከራ ተምሮታል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጥ እንደሚሆን አባቶቻችን የተረቱት ለዚህም ይስማማል።

ከአበባም ሌላ ያካፈለው ነገር አለ። በ1588 ዓ.ም. መጀመሪያ ከቤልጅግ አገር ከአንድ ወዳጁ ሁለት የድንች ራሶች ደረሱት። በዚያ ዘመን ድንች ከአሜሪካ የመጣ እንግዳ ተክል ስለ ነበረ በአውሮፓ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነበር። ክሉሲዩስ ተክሎ አበዛውና ለብዙ ሰዎች አደለው፤ በመጽሐፉም ገለጸው። ያው ድንች ከብዙ ዘመን በኋላ በ1858 ዓ.ም. ሺምፐር በተባለ ጀርመናዊ የዕፀዋት ተመራማሪ አማካይነት ወደ ኢትዮጵያ እንደ ገባ ይነገራል። ተክል ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ የት ድረስ እንደሚሄድ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ከቪየና ወጥቶ ጥቂት ዓመታት በፍራንክፉርት ከኖረ በኋላ፣ በ1593 ዓ.ም. በሆላንድ አገር ያለው የሌይደን ዩኒቨርሲቲ አታክልት እንዲያቋቁምለት ጠራው። ለዚህም የረዳችው ማሪ ደ ብሪሜ የተባለች የአበባ ወዳጅ የሆነች ልዕልት ናት። በዚያን ጊዜ ዕድሜው ስድሳ ሰባት ዓመት ነበር። ከዚያም በላይ ጥቂት ቀደም ብሎ ወድቆ የዳሌው አጥንት ስለ ወለቀ በምርኩዝ ካልሆነ በቀር መራመድ አይችልም ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ የዕረፍት ጊዜዬ ነው ብሎ ባልሄደ ነበር። እርሱ ግን ለብዙ ዓመታት ያከማቸውን ዘርና ራስ ይዞ በጥቅምት ወር ሌይደን ገባ።

አታክልቱ ትልቅ አልነበረም፤ ርዝመቱ 40 ሜትር፣ ስፋቱ 35 ሜትር ያህል ነበር። ክሉሲዩስ መቆፈርና ጎንበስ ማለት ስለማይችል፣ ዲርክ ክላይት የተባለ የዴልፍት ከተማ መድኃኒት ቀማሚ ተቀጥሮ መደቡን አዘጋጀ፤ ችግኙንም ተከለ። ስለዚህ በዚህ ሥራ የሁለቱም ስም አብሮ ሊነሣ ይገባል። በ1594 ዓ.ም. በተጻፈው ዝርዝር ውስጥ ከአንድ ሺሕ የሚበልጡ ዓይነት ዕፀዋት ተቈጥረዋል። ከእርሱ በፊት የዩኒቨርሲቲ አታክልት የመድኃኒት ቅጠል ማብቀያ ነበር፤ እርሱ ግን ከሩቅ አገር የመጡትንና ለውበታቸው የሚወደዱትን አበቦች ጨመረበት። በዚያው ዓመት ጸደይ በሌይደን አታክልት ቱሊፕ አበባውን አሳየ።

በሆላንድ ምድር ቱሊፕን ከሁሉ በፊት ያስገባ ክሉሲዩስ ነው እየተባለ ብዙ ጊዜ ይነገራል። ነገሩ ሲመረመር ግን ከእርሱ በፊት በዚያው አካባቢ ባሉ አገሮች ቱሊፕን የተከሉ ሌሎች ሰዎች ነበሩ፤ ዮሪስ ራይን ቀደም ብለን ጠቅሰነዋል። የክሉሲዩስ ምስጋና ቀዳሚ በመሆኑ አይደለም። ዓይነቶቹን ለይቶ በማጥናቱ፣ በመጽሐፍ በማስፈሩና ለብዙዎች በማዳረሱ ነው። እውነተኛ ሰው ደግሞ ከሚገባው በላይ ምስጋና ሊጨመርለት አያስፈልገውም።

በእርጅናው ዘመን የደረሰበት ሐዘን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። የቱሊፕ ዝና እየሰፋ በሄደ ጊዜ ሀብታሞች ይህን አበባ በገንዘብ ይፈልጉት ጀመር። ክሉሲዩስም ለወዳጆቹ እንደ ቀድሞው በነጻ እየሰጠ፣ ለንግድ ለሚፈልጉት ግን አልመች አላቸው። በ1596 እና በ1598 ዓ.ም. ሌቦች አታክልቱን ሰብረው ገቡ፤ በአንድ ጊዜ ብቻ ከአንድ መቶ የሚበልጡ ራሶች ነቅለው ወሰዱ። ለእነዚህ ራሶች ስንት ዓመት እንደ ጠበቀላቸውና ከየት እንዳመጣቸው ስናስብ፣ በምርኩዝ ቆሞ የተቈፈረውን መደብ ያየ የሰባ ዓመት ሽማግሌ ምን እንደ ተሰማው መገመት አያዳግትም። በዘመኑ መጨረሻ አበባ መትከልን እስከ መተው ድረስ ቢያስብም የሚያስገርም አይሆንም ነበር። እርሱ ግን አጥሩን አጥብቆ ልቡን አልዘጋም፤ ለወዳጆቹ መላኩንና መጻፉን ቀጠለ። በ1601 ዓ.ም. የዕድሜውን ጥናት ሁሉ ሰብስቦ ከአንድ ሺሕ በላይ ሥዕሎች ያሉበትን ታላቅ መጽሐፍ አሳተመ። ሌባ ራሱን ሊነቅል ይችላል፤ በመጽሐፍ የሠፈረውን ዕውቀት ግን ሊነቅለው አይችልም።

በዚሁ ጥናቱ ውስጥ እጅግ የሚደነቅ አንድ ማስተዋል ይገኛል። አንዳንድ ቱሊፕ ለብዙ ዓመት አንድ ዓይነት ቀለም ይዞ ከቆየ በኋላ ድንገት እንደ ነበልባል ዝንጕርጕር ሆኖ ይወጣል። ሰው ሁሉ በዚህ ዓይነቱ ውበት ሲደነቅ፣ ክሉሲዩስ ግን እንዲህ የተለወጠው ተክል ራሱ ከዓመት ወደ ዓመት እያነሰ ሄዶ እንደሚሞት አስተዋለ። አበባው ከመሞቱ በፊት ጌታውን ለመጨረሻ ጊዜ ደስ ለማሰኘት እንደሚያጌጥ ያህል ቈጠረው። ምክንያቱ የታወቀው ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ዶሮቲ ኬይሊ የተባለች እንግሊዛዊት ተመራማሪ በ1928 ዓ.ም. ዝንጕርጕርነቱ ከአንዱ ራስ ወደ ሌላው የሚተላለፍ በሽታ መሆኑን አሳየች። በሽታውም በቅጠል ላይ በሚኖሩ ጥቃቅን ተባዮች የሚዛመት ቫይረስ መሆኑ ተረጋገጠ።

ክሉሲዩስ በ1609 ዓ.ም. ሚያዝያ 4 ቀን፣ የጸደይ አበቦች በሚፈኩበት ወራት፣ በሰማንያ ሦስት ዓመቱ በሌይደን ዐረፈ። እርሱ ከሞተ በኋላ ሃያ ስምንት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ያ በወዳጅነት ሲተላለፍ የነበረው አበባ የስግብግብነት መሣሪያ ሆነ። በ1636 ዓ.ም. ክረምት በሆላንድ ሰዎች ገና ከመሬት ያልወጣውን ራስ ሳያዩት በወረቀት ይሻሻጡት ጀመር። ከሁሉ የሚፈለጉት እነዚያ በበሽታ የተዘነጐረጐሩት ነበሩ፤ የአንዱ ራስ ዋጋ ከትልቅ ቤት ዋጋ ጋር የተስተካከለበት ጊዜ ነበር። በ1637 ዓ.ም. በየካቲት ወር ግን ድንገት ገዢ ጠፋ፤ ዋጋውም ወደቀ። በዚህ ምክንያት አገሪቱ በሙሉ ከሰረች የሚሉ አሉ፤ የታሪክ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ግን ጉዳቱ ያን ያህል ሰፊ አልነበረም። የሆነው ሆኖ ብዙ ወዳጆች ተካሰሱ፤ ብዙ ቃል ኪዳንም ፈረሰ። ክሉሲዩስ ስጦታ ያደረገው አበባ ወዳጅነትን ሲያበዛ፣ ነጋዴዎች በጭፍን የተሻሻጡት ያው አበባ ጠብን አበዛ። አበባው አንድ ነው፤ የተለየው የያዘው እጅ ነው።

የክሉሲዩስ ሥራ ግን አልጠፋም። የሌይደን አታክልት ዛሬም አለ፤ እርሱ የተከለው የመጀመሪያው አታክልትም በድሮው ዝርዝር መሠረት እንደገና ተሠርቶ ይታያል። ውጭው ቀይ፣ ውስጡ ነጭ የሆነ አንድ ትንሽ የቱሊፕ ዓይነትም በስሙ ይጠራል። ሆላንድ የዓለም የአበባ ገበያ ለመሆን በቅታለች። የእኛም አገር ከዚህ ገበያ ጋር ተገናኝታለች፤ በዝዋይ፣ በሆለታ፣ በሰበታና በቢሾፍቱ አካባቢ የሚለማው ጽጌረዳ በአውሮፕላን ተጭኖ ወደዚያው ወደ ሆላንድ ይሄዳል። አበባ በመጀመሪያ ከምሥራቅ ወደ ሆላንድ እንደ ሄደ ሁሉ፣ ዛሬ ደግሞ ከኢትዮጵያ ደጋ ይሄዳል።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች ተማሪዎች፣ ከዚህ ሰው ሕይወት ምን እንማራለን? በመጀመሪያ፣ አካሉ ቢሰበርም፣ ሹመቱ ቢወሰድም፣ የደከመበት ቢሰረቅም፣ የሚወደውን ሥራ የያዘ ሰው እንደማይሸነፍ እንማራለን። ሁለተኛም፣ ዕውቀትም ሆነ ተክል ሲያካፍሉት የሚበዛ እንጂ የሚጐድል አለመሆኑን እንረዳለን። ለመረዳት ብቻ ሳይሆን ለመሥራትም ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በየጓሮአችን ከእናቶቻችን የአበባ መደብ የጽጌረዳ ቅርንጫፍ ቈርጠን ለጎረቤት ልጅ ብንሰጥ፣ በትምህርት ቤታችን ግቢ ያለውን ባዶ መሬት ቈፍረን ያገኘነውን ዘር ብንዘራ፣ የሚበቅለውንም ቀኑንና ወሩን በደብተራችን ብንጽፍ፣ የክሉሲዩስን ሥራ በትንሹ ጀመርን ማለት ነው። አባቶቻችን ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ይላሉ። እኛም ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች በደጃፉ ላይ አበባ ያለበት ግቢ ትተንላቸው እንለፍ።